የፒክአፔ መብራት ለምን ይፈዝ ነበር?

ያገለገለች ፒክአፕ ገዝቼ ቀስ በቀስ እያሳመርኳት ነው። ኪሴ ስለማይፈቅድ፣ ለጭነት ቦታዋ ሁለት መብራት ከተፈታታ መኪና ላይ አገኘሁ። እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው። ሁለቱ አብረው 9 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) አሳለፍኳቸው፤ ባትሪው አጠገብም 15 አምፔር ፊውዝ ገጠምኩ። ሽቦውን ወፈር ያለ መረጥኩ። እዚህ ላይ መቆጠብ እሳት መጥራት ነው።

ሳበራቸው ግን እንደ ሻማ ፈዘዙ። አምፖሎቹን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሪሌውንም ያለ ጥፋቱ ረገምኩት።

በመጨረሻ መብራቱ እንደበራ ቮልት የሚለካውን የቴስተር አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ማሳ (ኤሌክትሪኩን በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው ሽቦ) የታሰረበት ብሎን ላይ አደረግኩ። ወደ ዜሮ መጠጋት ሲገባው 3 ቮልት አሳየኝ። ተገኘች! ለካ ብሎኑን ያሰርኩት ቀለምና ዝገት ላይ ነው፤ እነሱ ኤሌክትሪኩን ስለሚያግዱ ለመብራቱ መድረስ የነበረበት 3 ቮልት እዚያ ይባክን ነበር።

ፈትቼ ቦታውን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨምሬ አጠበቅኩት። እንዳይዝግም ላዩን ግሪስ ቀባሁት። አሁን ቴስተሩ 0.1 ቮልት እንኳ አይሞላም። በከንቱ የቀየርኳቸው አምፖሎች ደህና ስለሆኑ መለዋወጫ ተብለው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል።