ለትንሽ ወንዝ የሚሆን ተንሳፋፊ የቆሻሻ አጥር አሠራር

ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ፣ ትንሹ አቃቂ፦ የሰኔ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ ሁሉም የሚያመጡት አንድ ነው። በጋውን ሙሉ በየቱቦውና በየገደሉ ሥር የተጠራቀመ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ያለቀ ጫማ፣ ቅርንጫፍ። ማረፊያው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ የተረፈው ወደ አዋሽ ይወርዳል። መንገድ ላይ ለማስቀረት ከሁሉ ርካሹ ዘዴ ተንሳፋፊ አጥር ነው። እዚህ ያሉት መጠኖች 8 ሜትር ስፋት ላለው ወንዝ የተሠሉ ናቸው።

አጥር ይባል እንጂ ሥራው መገደብ አይደለም። ቆሻሻውን አንሸራቶ አንድ ዳር ላይ፣ ሰው እጅ ማድረስ ነው። ስለዚህ ከቱቦና ከሽቦ በፊት ከየዝናቡ በኋላ ወርዶ የሚያወጣ ሰው ይገኝ። ካልተገኘ ባይሠራ ይሻላል፤ ያልጸዳ አጥር ውሃውን ወደ ሰው ግቢ ያዞራል።

ቦታና ፍጥነት

ቀጥ ያለና ሰፋ ያለ፣ ጋሪ ወይም ፒክአፕ ዳሩ ድረስ የሚደርስበት ቦታ ምረጡ። ከድልድይ ወይም ከካልቨርት (ከመንገድ ሥር ካለ የውሃ ማሳለፊያ) በላይ አታድርጉት፤ ከተበጠሰ እዚያው ሄዶ ይወተፋል። ፍጥነቱን በክረምት ለኩ፤ የበጋው ልክ አያገለግልም። 10 ሜትር ምልክት አድርጋችሁ ብርቱካን ወርውሩ። 10 ሴኮንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ነው። በተራ የክረምት ቀን ከዚህ የሚፈጥን ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አጥሩን ወንዙን ቀጥ አድርጎ ማቋረጥ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ነው። ውሃው ፊት ለፊት ሲመታው ጠርሙሱ ወደ ታች ተስቦ በሥሩ ያልፋል። ከውሃው አካሄድ ጋር 30 ዲግሪ ያህል አጋድሙት፤ ያኔ የሚመታው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፣ ቆሻሻውም እየተንሸራተተ ወደ ታችኛው ጫፍ ይሄዳል። ማውጫው እዚያ ይሁን። 8 ሜትሩ ወንዝ በዚህ ማዕዘን ከዳር ዳር 16 ሜትር ይሆናል።

ዕቃው

ባለ 160 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ፍሳሽ ቱቦ፣ 6 ሜትር የሆነውን 3 ገዝታችሁ በ2 ሜትር ቁረጡ፤ 9 ቁራጭ ይወጣል። ውስጡን ክዳናቸው በደንብ በተጠበቀ ባዶ ሃይላንዶች ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ በቱቦ ክዳንና በማጣበቂያ ድፈኑ። ቱቦው ቢሰነጠቅ እንኳ አይሰምጥም። ጀሪካንም ይንሳፈፋል፣ ግን ደህና ጀሪካን ወንዝ ላይ አድሮ ጠዋት አይገኝም።

አንድ ሜትር ቱቦ 20 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ቱቦው፣ መረቡና ማክበጃው ተደምረው ከ8 ኪሎ አይብለጡ፤ ከግማሽ በላይ ከውሃው በላይ መቆየት አለበት። መረቡ ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የሚንጠለጠል ይሁን። ቀዳዳው ከዚህ ከጠበበ በፌስታልና በሣር ተደፍኖ ግድግዳ ይሆናል። ጥልቀቱንም መጨመር አይጠቅምም፤ ጭነቱ ያድጋል፣ በሥሩ የሚያልፈው ውሃም ይፈጥናል። ከታች ጠርዙ ላይ በየቁራጩ 1.8 ሜትር ባለ 8 ፌሮ እሰሩ። ካልከበደ መረቡ በጎርፍ ጊዜ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል።

ኃይሉን ቱቦው አይሸከም፤ ክዳኑ ይነቀላል። 10 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ ከዳር እስከ ዳር አልፎ እያንዳንዱ ቱቦ እሱ ላይ ይታሰር። በቱቦዎቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ መረቡ ግን ሳይቋረጥ ይለፍ። ገመዱ የሚታሰረው በውሃው ልክ ነው፤ አናቱ ላይ ከታሰረ ቱቦው ይገለበጣል። በየጫፉ ሦስት ክላምፕ (የብረት ገመድ ማጥበቂያ)፣ የ«ዩ» ቅርጽ ያለው ቡሎን በተቆረጠው ጫፍ በኩል ሆኖ ይጥበቅ። ከተገላበጠ ጭነት የሚሸከመውን ክር ይቆርጠዋል።

መወጠር የሚያመጣው ጣጣ

አጥሩ ተወጥሮ ሲታይ ያምራል፤ የሚበጠሰውም እሱ ነው። ጎርፉ በሴኮንድ 2 ሜትር ሲሄድ መሐሉ 2.4 ሜትር ያህል ወደ ታች ካበጠ ገመዱ ላይ የሚመጣው 450 ኪሎ ገደማ ነው። ተወጥሮ እብጠቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ከሆነ በዚያው ጎርፍ ከ2 ቶን ያልፋል። የተከመረው ቆሻሻና የግንድ ምት ገና አልተቆጠረም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጭነቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ዋናው ማሰሪያ በማውጫው ዳር፣ ከገደሉ ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሜትር ርቆ የተቀበረ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ኮንክሪት ነው፤ 2.4 ቶን ይመዝናል፣ 7 ወይም 8 ከረጢት ሲሚንቶ ይበላል። ባህር ዛፍ ላይ አትሰሩ፤ ጎርፉ ሥሩን ከሸረሸረው ዛፉም አጥሩም አብረው ይሄዳሉ። በላይኛው ጫፍ፣ በማዶ በኩል፣ በብረት ገመዱና በማሰሪያው መካከል አንድ ቁራጭ ባለ 10 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ገመድ በነጠላው አስገቡ። አዲሱ 1.5 ቶን ያህል ይችላል፣ ቋጠሮው ግን ጥንካሬውን በግማሽ ይቀንሰዋል። የሚፈለገውም ይኸው ነው፦ ግንድ ሲመታው እሱ ይበጠስና አጥሩ ተወዛውዞ እናንተ ባላችሁበት ዳር ያርፋል። ፀሐይ ስለሚያደክመው በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቀይሩት።

ውሃው ከፍ ሲል በዳሩ በኩል ክፍተት እንዳይፈጠር ትርፍ የሆነው ቱቦ ዳገቱ ላይ ጋደም ብሎ ይጠብቅ።

ማውጣት

ውሃው ውስጥ አይገባም። ረጅም እጀታ ባለው መንጠቆ ከዳር ሆናችሁ ሳቡ፤ ቦቲ፣ ወፍራም ጓንት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። ጎርፉ ገና እየሞላ ሳለ ማንም አይጠጋ። የክምሩ ርዝመት 2 ሜትር ሲደርስ አትጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከሥር መሹለክ ይጀምራል።

የወጣውን በዚያው ቀን ለዩ። ሃይላንዱ ደርቆ፣ ተጨፍልቆ በኪሎ ለቆራሌው ይሸጣል። ፌስታሉ ገዢ የለውም፤ ወደ ገንዳ የሚወስደው ጋሪ እስኪመጣ ድረስ ከጎርፉ ምልክት በላይ ይከመር፤ አለዚያ የማታው ዝናብ መልሶ ይወስደዋል።