ኑሮው መንገድ ላይ ለሆነ የትራክ ሹፌር፦ በአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ ሰው ለራሱ የሚገዛው የጤና ኢንሹራንስ የሚሸጠው በካውንቲ ተከፋፍሎ ነው። ዳላስ የሚኖር ሰው የሚቀርብለት ፕላንና ሂዩስተን ያለው የሚቀርብለት አንድ አይደለም፤ ዋጋውም፣ ካርዱን የሚቀበሉት ሐኪሞችም ይለያያሉ። ሎንግ ሆል የሚሠራ ሹፌር ደግሞ ሰኞ ኦሃዮ ጭኖ ሐሙስ ኔቫዳ ያራግፋል። ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ችግሩ የሚገባው ሲታመም ነው፤ ካርዱ ኪሱ ውስጥ አለ፣ ያለበት ከተማ ግን የሚቀበለው ክሊኒክ የለም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ካርዱ የት የት እንደሚሠራ እዩ።

በደብልዩ-2፣ ማለትም በካምፓኒ ተቀጥራችሁ፣ ለምትሠሩ ነገሩ ቀለል ይላል፤ መጀመሪያ የካምፓኒያችሁን ፕላን ጠይቁ። ለራሳችሁ ብቻ የምትከፍሉት በ2026 ከቤተሰቡ ገቢ 9.96 በመቶ የማይበልጥ ከሆነ ኦባማ ኬር (በመንግሥት ማርኬትፕሌስ ለግለሰብ የሚሸጠው ኢንሹራንስ) ላይ የመንግሥት ድጎማ አታገኙም።

በ1099 (እንደ ኮንትራክተር) የምትሠሩ ወይም በራሳችሁ ኦቶሪቲ (የጭነት ሥራ ፈቃድ) የምትነዱ ግን አንድ ነገር ለዩ። ከሳምንታዊው ሴትልመንት (የክፍያ ሂሳብ) ላይ “ኦክዩፔሽናል አክሲደንት” እየተባለ የሚቆረጠው የጤና ኢንሹራንስ አይደለም። ጭነት ስታስሩ ከፍላትቤድ ላይ ወድቃችሁ እግራችሁ ቢሰበር እሱ ይደርስላችኋል፤ ለኩላሊት ጠጠር፣ ለስኳር ወይም ለልብ ግን አይከፍልም። ብዙ የጤና ፕላኖችም በተራቸው ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አድራሻችሁን አስተካክሉ

ሲዲኤላችሁ (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃዳችሁ)፣ ታክሳችሁና ኢንሹራንሳችሁ አንድ ስቴት ላይ ይሁኑ። የምትሰጡት አድራሻ የመኖሪያችሁ መሆን አለበት፤ የፖስታ ሳጥን ብቻውን አይበቃም። ደብዳቤ የሚከፍትላችሁ ሰውም ያስፈልጋል። ማርኬትፕሌሱ ገቢያችሁን ወይም የመኖሪያ ፈቃዳችሁን የሚያሳይ ወረቀት ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ደብዳቤው ዘመድ ቤት ተቀምጦ ጊዜው ካለፈ ድጎማው ይቋረጣል። ወደ ሌላ ስቴት ከተዛወራችሁ አዲስ ፕላን ለመምረጥ 60 ቀን አላችሁ፤ ያም ከመዛወራችሁ በፊት ኢንሹራንስ ከነበራችሁ ነው።

ኔትወርኩን መርምሩ

ኤችኤምኦ እና ኢፒኦ የተባሉት የፕላን ዓይነቶች ከኔትወርካቸው፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር ከተዋዋሉ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች፣ ውጭ ለመደበኛ ሕክምና አይከፍሉም። ፒፒኦ ከኔትወርክ ውጭም ይከፍላል፣ ድርሻችሁ ግን ከፍ ይላል። የፕላኑን ስም ብቻ አትመኑ። “ሰመሪ ኦፍ ቤኔፊትስ” የተባለውን ሰነድ ክፈቱና ከኔትወርክ ውጭ ያለ ሐኪም የሚለውን ዓምድ ወደ ታች አንብቡት። በየመስመሩ “ኖት ከቨርድ” (አይሸፈንም) የሚል ከሆነ ያ ካርድ ከአካባቢያችሁ ውጭ የሚጠቅማችሁ ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው ማለት ነው። ኢንሹራንሱ ብሉ ክሮስ ከሚባሉት ኩባንያዎች ከሆነ ካርዱ ላይ ትንሽ የሻንጣ ምስል ፈልጉ፤ ሻንጣው ውስጥ ፒፒኦ ተብሎ ከተጻፈ በሌሎች ስቴቶች ያሉ የብሉ ክሮስ ፒፒኦ ሐኪሞችን መጠቀም ትችላላችሁ። ባዶ ሻንጣ ሲሆን ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትተማመኑበት።

ከዚያ ፈትኑት። በኩባንያው የሐኪም መፈለጊያ ላይ የ34 ሰዓት ሪሴት (ረጅም ዕረፍት) የምታደርጉባቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ዚፕ ኮድ አስገቡና ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ) ይወጣ እንደሆነ እዩ። ከወጣ ክሊኒኩ ጋ ደውሉና የፕላኑን ሙሉ ስም ጠቅሳችሁ ጠይቁ፤ “ብሉ ክሮስ ትቀበላላችሁ?” ብቻ ካላችሁ የሌላ ፕላን መልስ ነው የሚሰጧችሁ።

ለድንገተኛ ሕመም ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። የትኛውም ስቴት ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ ሆስፒታሉ ከኔትወርክ ውጭ ነው ተብሎ ተጨማሪ ሂሳብ አይመጣባችሁም። አምቡላንስ መኪናን ግን ይህ ሕግ አይጨምርም። ከተረጋጋችሁ በኋላ ያለው ቀጣይ ሕክምናም ወደ ተራው የኔትወርክ ደንብ ይመለሳል።

በካውንቲያችሁ ፒፒኦ ከሌለ መደበኛ ምርመራውን ሁሉ ቤት የምትገቡበት ሳምንት ላይ ቅጠሩ። በቪዲዮ የሚያክም ሐኪም እንደ ደንቡ በዚያ ሰዓት ቆማችሁ ባላችሁበት ስቴት ፈቃድ ያለው መሆን ስላለበት፣ አገልግሎቱ ስንት ስቴት ውስጥ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገቢያችሁን በትክክል አስሉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል። ማርኬትፕሌሱ የሚፈልገው የሎዱን ገንዘብ አይደለም፤ ነዳጅ፣ ጥገና፣ የትራክ ኢንሹራንስና የእርጅና ቅናሽ ተቀንሶ ስኬጁል ሲ በተባለው የታክስ ቅጽ ላይ የሚቀረውን ትርፍ ነው። ፐር ዲየምን (የመንገድ የምግብ አበልን) አትርሱ፤ ከቤት ውጭ ለምታሳልፉት ቀን የሚፈቀደው 80 ዶላር ሲሆን 80 በመቶው፣ ማለትም 64 ዶላር፣ ከገቢ ይቀነሳል። በ250 ቀን 16,000 ዶላር ይሆናል።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ ያስጨንቃል? ተጨማሪው ድጎማ በ2025 መጨረሻ ስላበቃ በ2026 የገቢ ጣሪያው ተመልሷል፤ ላጤ ከ62,600፣ አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ከ128,600 ዶላር በላይ ካገኘ ድጎማው ከነጭራሹ ይቀራል። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በብልጫ የተወሰደ ድጎማ በታክስ ጊዜ ያለ ገደብ ሙሉ በሙሉ ለመንግሥት ይመለሳል። ስለዚህ በሰኔና በመስከረም ግምታችሁን አሻሽሉ። ጣሪያው ጋ ከቀረባችሁ ኤችኤስኤ (ታክስ የማይከፈልበት የሕክምና ቁጠባ ሒሳብ) ይረዳል። ከ2026 ጀምሮ ማርኬትፕሌስ ላይ ያሉ ብሮንዝ የሚባለው ደረጃ ፕላኖች በሙሉ ኤችኤስኤ ይፈቅዳሉ፤ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ድረስ ስታስገቡ ያው ከገቢያችሁ ይቀነሳል። ከ39,125 ዶላር በታች የሚያገኝ ላጤ ግን ሲልቨር የሚባለውን ደረጃ ይምረጥ፤ ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስ የሚወጣውን) እና የሐኪም ክፍያውን የሚቀንሰው ተጨማሪ ድጋፍ የሚሰጠው ሲልቨር ላይ ብቻ ነው።

ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ከስቴታችሁ ውጭ በአብዛኛው ከድንገተኛ ሕመም አያልፍም። በስልክ በርካሽ የሚቀርቡላችሁ የአጭር ጊዜ ፕላኖችና የወጪ መጋራት ማኅበራት ቀድሞ የነበረን ሕመም ላለመክፈል መብት አላቸው። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሹፌር አይግባባቸው።

ሜዲካል ካርዱንም አስቡ

ሜዲካል ካርዱን (ለመንዳት ጤናችሁ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጠውን) የሚያሰጠውን የዲኦቲ ምርመራ ራሱን ኢንሹራንስ በአብዛኛው አይከፍልም፤ ካርዱን የሚያስጠብቀውን ሕክምና ግን ይከፍላል። ግፊት ከ140/90 በታች ከሆነ የሁለት ዓመት ካርድ ይገኛል፤ ከ140 እስከ 159 ወይም ከ90 እስከ 99 ሲሆን የአንድ ዓመት ነው። 180/110 ከደረሰ እስኪወርድ ድረስ መንዳት የለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የስኳር መጠኑን የሦስት ወር መዝገብ ማሳየትና የሚያክመው ሐኪም ኤምሲኤስኤ-5870 ቅጽ እንዲሞላለት ማድረግ አለበት፤ ቅጹ ከተፈረመ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራው መደረግ አለበት። እንግዲህ ያ ሐኪም ኔትወርኩ ውስጥ መሆኑን፣ መድኃኒታችሁ በፕላኑ ዝርዝር ላይ መኖሩንና የ90 ቀን መጠን በየስቴቱ ቅርንጫፍ ካለው ፋርማሲ መውሰድ መቻላችሁን ሳታዩ አትፈርሙ።

ምዝገባው ኖቬምበር 1 ይጀመራል፤ እስከ ዲሴምበር 15 የተመዘገበ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሸፈናል። በአሳይለም (ጥገኝነት) ወይም በቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ያላችሁ፣ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ድጎማው ለእናንተ ስለሚቆም ከአሁኑ ተዘጋጁ። ወደ ማርኬትፕሌሱ ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። የመጀመሪያውን ወር ሳትከፍሉ ሽፋኑ አይጀምርም። ክፍያው በራሱ እንዲቆረጥ ካደረጋችሁ የባንክ ካርዳችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ካርዱ ተቀይሮ ሁለት ወር ካመለጣችሁ፣ ድጎማ እያላችሁም ቢሆን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ያለውን የሕክምና ሂሳብ ኩባንያው ማገድ ይችላል።