«ደህና ነው» ከማለት በፊት፦ ዳውን ሲንድሮም ያለበትን ልጅ ጤና በደብተር መከታተል

ሐኪሙ «ልጁ እንዴት ነው?» ሲለን አፋችን ላይ ያለችው መልስ አንዲት ናት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው»። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ወረፋ ጠብቄ ገብቼ ስንቴ ይህንኑ ብዬ ወጥቻለሁ። ምስጋናው ጥሩ ነው፤ ለሐኪሙ ግን ምንም አይነግረውም። እሱ ልጁን የሚያየው ለደቂቃዎች ነው። ሌሊቱን የምናውቀው እኛ ነን።

አንድ ደብተር ግዙ። በወር አንዴ፣ ልጁ ጉንፋን ባልያዘው ሰሞን፣ ሁልጊዜ ያው ሰው ይሙላው። የሚጻፈው ያለፈው አንድ ወር ብቻ ነው።

መልሱ በቁጥር ይሁን። በጭራሽ ካልሆነ 0፣ ከስንት አንዴ 1፣ አንዳንዴ 2፣ ብዙ ጊዜ 3፣ ሁልጊዜ ለማለት ከሆነ 4። ቁጥሮቹን አትደምሯቸው። የእንቅልፉን ካለፈው ወር እንቅልፍ፣ የሆዱን ከሆዱ ጋር አስተያዩ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ግን በፍጹም።

ከእንቅልፍ ጀምሩ። ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት ይመለሳል? ቀን ላይ ይነጫነጫል? የኔ ልጅ እግሩን አጣጥፎ፣ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ይተኛ ነበር። እናቴ «ሲጸልይ ነው» ትላለች። እኛም ስቀን እናልፈው ነበር። አንድ ሌሊት በስልኬ ቀርጬ ለሐኪም ሳሳየው፣ አየር ፍለጋ እንደዚያ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ተኝተው ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ደግሞ እዚህ ላይ ደብተሩም ይሸወዳል። ወላጁ 0 የጻፈለት ልጅ በምርመራ ችግሩ ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ 0 ቢሆንም ስለ እንቅልፍ ምርመራ ጠይቁ።

ጆሮውን በቤት ውስጥ ሞክሩ። ጀርባውን ሲሰጣችሁ በቀስታ «ሙዝ ትፈልጋለህ?» በሉት። ካልዞረ ጻፉት። ዝም ማለቱ ግትርነት ሳይሆን ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል።

ድካምን በቁጥር ማስቀመጥ ይከብዳል። እኔ መንገድ ነው የምጠቀመው። ከቤታችን እስከ ፍቅር ሐይቅ ስንት ጊዜ ቁጭ አለ? በፊት አንዴ ብቻ አርፎ የሚደርስ ልጅ አሁን አራቴ ካረፈ፣ ያ ለሐኪሙ ከ«ደከመው» የበለጠ ይናገራል። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ የልብ አልትራሳውንድ መሠራቱንም አረጋግጡ።

«ዳውን ስለሆነ ነው» የሚለውን ከደብተሩ አውጡት። የሆድ ድርቀት፣ መፍዘዝና የቆዳ መድረቅ አብረው ከመጡ የታይሮይድ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ችግር ሊሆን ይችላል። ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በኪኒንም ይታከማል። ምርመራው ባይታመምም በየዓመቱ ይደረጋል።

አያቱ 1፣ እናንተ 3 ካላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቀን አብራው የምትውለው እሷ ከሆነች የምታየው ሌላ ነው።

አንዳንዱ ግን ደብተር አይጠብቅም። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ በድንገት መራመድ ካቃተው፣ አንገቱ ከተጣመመ፣ ሽንት መቆጣጠር ችሎ ከነበረ በኋላ ካመለጠው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ደብተሩን በሙሉ አትዘርጉት። የተቀየሩትን ሁለት ሦስት ነገሮች በአንድ ወረቀት ገልብጣችሁ፣ ገና ሳትቀመጡ ለሐኪሙ ስጡት።