የግቢ ቀልድ በዴቪድ ሎጅ ስልት፦ ከሐሜት ወደ ልብ ወለድ

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ ወረቀት ላይ ሲወርድ ሐሜት ሆኖ መቅረቱ ነው። ከሐሜት ወደ ልብ ወለድ የሚያሻግረው የቀልዱ ብዛት ሳይሆን አሰላለፉ ነው፤ ማን ከማን ጎን ቆመ፣ ማን በማን ደጅ እንግዳ ሆነ፣ ነገሩንስ በማን ዓይን አየነው። ይህን አሰላለፍ ከእንግሊዛዊው ዴቪድ ሎጅ የተሻለ የሚያስተምር ደራሲ ማግኘት ያስቸግራል። ሎጅ (1935–2025) ከ1960 እስከ 1987 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ እያስተማረ ልብ ወለድም ሂስም ጽፏል፤ ስለዚህ የሠራውን ቤት ብቻ ሳይሆን መዶሻና ሚስማሩንም ትቶልናል። መዶሻና ሚስማሩ ያሉት በ50 አጫጭር ምዕራፎች በቀረበው «ዘ አርት ኦፍ ፊክሽን» (1992) ውስጥ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ የምንሠራው 3,000 ቃል የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ነው፤ መቼቱ ደብረ ብርሃን።

መጀመሪያ የከተማዋን ስም ቀይሩ። ሎጅ «ራሚጅ» የምትባል ከተማ ፈጥሮ በካርታው ላይ በርሚንግሃም ባለችበት ቦታ ተክሏታል። እናንተም ደብረ ብርሃንን «ደብረ ጭጋግ» በሏት። የሚቀየረው ስሙ ብቻ ነው፤ ብርዱ፣ የአዲስ አበባው መንገድ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቦ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው እንዳሉ ይቆዩ። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችን ከተማ ሞቃት ብታደርጓት ማንም አያምናችሁም። የስሙ ለውጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጽሑፉ ውስጥ ራሱን ያየ አለቃ «ይኼ እኔ ነኝ» ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ያንን ገጸ ባሕርይ መምሰሉን ማመን ይኖርበታል።

ቀጥሎ ጥንዱን ምረጡ። በ«ቼንጂንግ ፕሌስስ» (1975) የራሚጁ ፊሊፕ ስዋሎውና አሜሪካዊው ሞሪስ ዛፕ በ1969 ለስድስት ወር የማስተማር ሥራቸውን ይለዋወጣሉ፤ ነገሩ ከሥራ አልፎ እስከ ትዳር ይደርሳል። በ«ናይስ ወርክ» (1988) ደግሞ የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ ሮቢን ፔንሮዝ በሳምንት አንድ ቀን የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁን ቪክ ዊልኮክስን እንደ ጥላ እንድትከተል ትመደባለች። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፤ አንድ ከተማ፣ ሁለት ደጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ልውውጡን የመረጠም ቢሆን ባሕር መሻገር አይጠበቅበትም። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ካፖርት በየኪሎ ሜትሩ ይከብዳል። የደጋ መምህር ቆላ ወርዶ ካፖርቱን ላለማውለቅ የሚደረድረው ምክንያት ብቻውን አንድ ትዕይንት ይወጣዋል።

የፋብሪካውን እንያዝ። ለመምህርቷም ለፈረቃ ኃላፊውም ሦስት ሦስት እምነት ጻፉላቸው፤ ሲጠየቁ ሳያስቡ የሚመልሱት ዓይነት። እሷ ስለ ወዝአደሩ ሁለት ጥናት አሳትማለች፣ ሱፍ ሲፈተል ግን አይታ አታውቅም። እሱ ሥነ ጽሑፍ ሥራ የፈታ ሰው ጉዳይ ነው ይላል፣ ሠርግ ላይ ግን ሽለላው ሲነሣበት የሚያቆመው የለም። ከየሦስቱ አንዷ እውነት ትሁን። የአንዱ እምነት ሁሉ ስሕተት ከሆነ የሚሳቅበት ሰው ከወዲሁ ተመርጧል ማለት ነው። በ«ናይስ ወርክ» ሮቢን ፋብሪካው ውስጥ ሊባረር የታሰበ ሠራተኛ መኖሩን ትሰማና ሄዳ ትነግረዋለች፤ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ይወጣሉ። ክፋት የለባትም። ቅንነቷ ግቢ ውስጥ የሚሠራ፣ ማሽን አጠገብ ግን የሚፈነዳ ዓይነት ስለሆነ ነው የሚያስቀው።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ቀልድ የገጠሩን ሰው አነጋገር እያስመሰለ መሳቅ ይቀናዋል። የመንዝን ሰው ባና አልብሶ ቃሉን ማጣመም ቀላል ነው፣ ሳቁ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልቃል። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ በየትዕይንቱ ያፈረውን ሰው ስም በኅዳግ ጻፉ። ከስድስቱ በአምስቱ አንድ ስም ከተደጋገመ ሁለቱን እንደገና አስተካክሉ።

ትዕይንቶቹ ስድስት ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 500 ቃል፤ አራቱ ፋብሪካ፣ ሁለቱ ግቢ። ኃላፊው ግቢ የሚገባው ከአራተኛው በኋላ ነው፤ ሎጅም ቪክን ወደ ዩኒቨርሲቲው ያመጣው ዘግይቶ ነው። አንባቢ የማሽኑን ጩኸት ከለመደ በኋላ፣ አሥር ሰው አንዲት ስንኝ ከብቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ሲል ቢያይ እንግዳው ነገር ይኼኛው ይሆንበታል።

<b>«ብሎ አሰበ»ን ስለ መጣል</b>

የሎጅ ሳቅ ግማሹ ያለው ተራኪው ሳይታወቅበት በገጸ ባሕርዩ ቃላት ሲናገር ነው። አማርኛ ላይ እንቅፋት የሚሆነው «ብሎ አሰበ» ነው። ቋንቋችን የሰውን ሐሳብ እንዳለ በአንደኛ መደብ ይጠቅሳል፦

«እኔን ነው እንዲህ ብለው የሚጽፉልኝ? ሃያ ዓመት ያገለገልኩትን?» ብሎ አሰበ ዲኑ።

ስሕተት የለበትም፣ ግን አያስቅም፤ ተራኪውና ዲኑ ተራርቀው ቆመዋል። ጥቅሱን አንሡ፣ መደቡን ወደ ሦስተኛ መልሱ፣ የዲኑን ቃላት ግን አትንኩ፦

ዲኑ ደብዳቤውን ደግሞ አነበበው። እሱን ነው እንዲህ ብለው የሚጽፉለት? ሃያ ዓመት ያገለገለውን? አሥራ ስምንቱ በውክልና ቢሆንስ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ የማን ናት? የዲኑ መከራከሪያ ትመስላለች፤ ተራኪው ግን በእሷ አሳልፎ ሰጥቶታል። በአንድ ገጽ ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃል፤ ከበዛ ማን እንደሚናገር ይጠፋል።

ሎጅ ያልነበረው መሣሪያም በእጃችሁ አለ። ኃላፊው መምህርቷን በመጀመሪያው ትዕይንት «እርስዎ» ይበላት፣ በሦስተኛው በንዴት «አንቺ»፣ በስድስተኛው ታርቆ «አንቺ»። ሁለቱ «አንቺ» አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ተራኪው ካብራራው ግን ሞተ።

<b>ቅርጽ መቀያየር</b>

«ቼንጂንግ ፕሌስስ» ስድስት ምዕራፍ ነው፤ አንደኛው በሙሉ ደብዳቤ፣ ሌላው ከጋዜጣና ከመሰል ወረቀቶች የተቆራረጠ፣ የመጨረሻው የፊልም ጽሑፍ ነው። ለእኛ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ቅርጽ አለን፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ፦»፣ «ከሠላምታ ጋር»፣ ግልባጭ። አንዱን ትዕይንት በሦስት ደብዳቤ ብቻ ጻፉት፤ ጉዳዩ የአንዲት ወንበር መጥፋት ይሁን። ሳቁን ከደብዳቤው ሆድ ሳይሆን ከግልባጩ አምጡት፤ የመጀመሪያው ሁለት ግልባጭ፣ ሦስተኛው አሥራ አንድ፣ የመጨረሻዋ «ወንበሯን ለወሰደው ግለሰብ፣ ባለበት»።

የሌላን አጻጻፍ እያስመሰሉ መቀለድ ጥንቃቄ ይሻል። ሎጅ በ«ዘ ብሪቲሽ ሙዚየም ኢዝ ፎሊንግ ዳውን» (1965) የአንድ ተመራማሪ ተማሪን የአንድ ቀን ውሎ ሲተርክ የአሥር ደራሲያንን አጻጻፍ እያፈራረቀ አስመስሏል፤ መጽሐፉ ሲወጣ ግን ከሐያስያኑ ብዙዎቹ አላስተዋሉትም። ስለዚህ ምልክት ስጡ። የትምህርት ክፍል ስብሰባን በነገሥታት ዜና መዋዕል አጻጻፍ ለመጻፍ ካሰባችሁ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር «ሊቀ መንበሩ በተሾመ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር…» ትበል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት ከተማ ናትና አይበዛባትም። ከ150 ቃል ግን አይለፍ።

ስለ ዘይቤ አንድ ነገር ብቻ። ሎጅ ከቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን ወስዶ በ«ዘ ሞድስ ኦፍ ሞደርን ራይቲንግ» (1977) እንዳሰፋው፣ አንዱ አጻጻፍ ነገርን በሚመስለው ይጠራል፣ ሌላው በጎረቤቱ። «ጭጋግ ነው ሰውዬው» የመጀመሪያው ነው፤ ባለ ካፖርቱን «ካፖርቱ መጣ» ማለት ሁለተኛው። እውነታ መሰል ትረካ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ለቀልድም ያው ነው፤ ሰውን በልብሱ፣ በቁልፉ፣ በማኅተሙ ጥሩት። ሰምና ወርቅ የለመደ ሁሉ ኅብረ ቃል ላይ መንጠልጠል ይወዳል፤ ሎጅም «ደፍ ሴንተንስ» (2008) የሚለውን ርእስ ያወጣው «መስማት የተሳነው» የሚለውን ቃል ከ«ሞት» ጋር በድምፅ አቀራርቦ የሞት ፍርድን እንዲያስታውስ ነው። ልብ በሉ፣ ያደረገው ግን ርእሱ ላይ ነው፤ በየገጹ አልበተነውም።

ለአንዱ የግቢ ትዕይንት የሎጅን ጨዋታ መዋስ ይቻላል። በ«ቼንጂንግ ፕሌስስ» መምህራኑ «ውርደት» የሚባል ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ተጫዋቹ ያላነበበውን መጽሐፍ ይጠራል፣ ያነበበው ሌላ ሰው በተገኘ ቁጥር አንድ ነጥብ ያገኛል። ለማሸነፍ አለማንበብን መናዘዝ ያስፈልጋል። ሃዋርድ ሪንግባም የተባለው መምህር «ሐምሌት»ን አላነበብኩም ብሎ ያሸንፋል፤ ቋሚ ቅጥሩን ግን ያጣል። የእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሁን። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታልና መስማት ማንበብ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከጨዋታው በላይ ይሞቃል፤ ትዕይንቱን ለዚያ ክርክር ልቀቁለት።

መጨረሻው ላይ ሠርግም ሽልማትም አታምጡ። «ቼንጂንግ ፕሌስስ» ሁለቱ መምህራንና ሚስቶቻቸው ገና እየተነጋገሩ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ማን ከማን እንደሚሄድ አይነገርም። እናንተም ስድስተኛውን ትዕይንት በአንድ እጅ እንቅስቃሴ መሐል ቁረጡት።

ከዚያ ለአራት አምስት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሁለቱ ግቢውን የማያውቁ ይሁኑ። እርሳስ ይዛችሁ ሳቅ የመጣበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሳቁ ካሰባችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ከመጣ፣ ተከትላው ያለችው ማብራሪያ ናትና ሰርዟት።