«ሳቅ» ከየት መጣ? የቃልን ሥር እንዴት እንፈልግ

የቃል ምንጭ ለመፈለግ የግድ ምሁር መሆን አያስፈልግም። የምወደውን ቃል፣ «ሳቅ»ን ይዤ ላሳያችሁ።

መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት ቃሉን ራሳችሁ አርቡት። ሳቀ፣ ይስቃል፣ አሳቀ፣ ተሳሳቀ፣ መሳቂያ። በሁሉም ውስጥ ሳይጠፉ የሚዘልቁት ሰ እና ቀ ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ጠርጥሩ። የግስ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፊደል ስለሆነ አንዱ የሆነ ቦታ ወድቋል ማለት ነው። የወደቀበትን ቦታ «ሳ» ትጠቁማችኋለች።

አሁን ግዕዙን እዩ። ሠሐቀ ይላል። የጠፋችው ሐ ናት! አማርኛ ይህችን የጉሮሮ ድምፅ ሲጥላት ከፊቷ ያለው ፊደል ራብዕ ሆኖ ቀረ። ይሄ በሳቅ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ ሰሐበ ሳበ ሆኗል፣ ክሕደ ካደ፣ ስሕተ ደግሞ ሳተ። አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ትሉ ነበር፣ አራት ሲሆን ግን ሕግ ነው። «ሣቅ» ብለው በንጉሡ ሠ የሚጽፉትም የግዕዙን ሥር ጠብቀው ነው።

ቀጥሎ ዘመዶቹን ጠይቁ። ትግርኛ ሰሓቐ ይላል፣ ሐዋን አልጣላትም። ዐረብኛ ደሒከ ይላል፣ ዕብራይስጥ ደግሞ ጻሐቅም ሣሐቅም አለው። ይስሐቅ የሚለው ስም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ይስቃል» ነው። ዘፍጥረት 17 ላይ አብርሃም «የመቶ ዓመት ሰው ልጅ ይወልዳልን?» ብሎ ሳቀ፣ ምዕራፍ 18 ላይ ሣራ በልቧ ሳቀች፣ ልጁም ሳቃቸውን ስም አድርጎ ያዘው። እኛም ይስሐቅ ብለን በጻፍን ቁጥር ከ«ሳቅ» የጣልናትን ሐ መልሰን እንጽፋታለን። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል።

ምንጩን አገኘሁ ብላችሁ ግን ትርጉሙን እንዳትረሱት፣ ምክንያቱም ቃል የሚኖረው ሰው አፍ ላይ ነው። «ሳቅ አለ» ሲባል ፈገግታ ነው፣ ድምፅ የለውም። «ከት ብሎ ሳቀ» ሲባል ቤቱን የሚሞላ ነው። «ሳቀበት» ከሆነ ንቀት አለበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ስንል ደግሞ ማዘናጋት ነው፤ የሚስቅም የሚያስቅም የለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ አታዛምዱ። ስቅታ እና ተሳቀቀ ሳቅን ይመስላሉ፣ ግን የሐ ምልክት የለባቸውም። ተሳለቀ በትርጉም ይቀርባል፣ ሥሩ ውስጥ ግን ለ አለች፤ ስለዚህ ሌላ ቤተሰብ ነው።

ገባችሁ? እንግዲያው «ላከ»ን ራሳችሁ ሞክሩት። የጠፋችውን ፊደል «መልአክ» ውስጥ ፈልጓት።