ሲስቤንችን ስገነባ የገጠመኝ ስህተትና የፈታሁበት መንገድ

ሲስቤንችን (የዳታቤዝና የማሽን ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ነው) ከሶርስ ኮዱ ለመገንባት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መፍትሔው ግን አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሌላ ሰው እንዳይንገላታ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ኮዱን ለግንባታ የሚያዘጋጀው፣ አውቶጄን የሚባለው ስክሪፕት እምቢ አለ። አውቶሜክና ሊብቱል የሚባሉት የመገንቢያ መሣሪያዎች ስላልነበሩ ነው። ጫንኳቸው፣ አለፈ።

ዋናው ጣጣ የመጣው ኮዱን የሚገነባውን ትእዛዝ፣ «ሜክ» ስል ነው። ስክሪኑ በስህተት ተሞላ። እኔም የመጨረሻውን መስመር ይዤ መፍትሔ ስፈልግ ቆየሁ። እሱ ደግሞ «ስህተት 1» ከማለት ውጪ ምንም አይነግርም! ወደ ላይ ወጥቼ የመጀመሪያውን ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሄደር ፋይል (ኮዱ ሲገነባ የሚነበብ የመግለጫ ፋይል) አልተገኘም ይላል።

ፋይሉ ግን ማሽኑ ላይ አለ። ኮንፊገር ሳደርግ (ከሜክ በፊት የግንባታውን ምርጫዎች ሳስተካክል ማለት ነው) የፋይሉን መንገድ በእጄ ጽፌ «ኢንክሉድ» ማውጫ ላይ አቁሜዋለሁ። ሄደሩ የተቀመጠው አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ፣ «ማይኤስኪውኤል» የሚባለው ንዑስ ማውጫ ውስጥ ነው። በእጄ የጻፍኩትን አጠፋሁና «ማይኤስኪውኤል ኮንፊግ» የሚባለው ትእዛዝ ራሱ ትክክለኛውን መንገድ እንዲሰጥ ተውኩት። ከዚያ የቀድሞውን ግንባታ ቅሪት ለማጽዳት «ሜክ ክሊን»፣ እንደገና ኮንፊገር፣ እንደገና ሜክ። አለቀ።

ይህ ትእዛዝ ከሌላችሁ የማይኤስኪውኤል ክላየንት ዴቨሎፕመንት ፓኬጅ አልተጫነም ማለት ነው። ኡቡንቱ ላይ ስሙ «ዴቭ» ብሎ ይጨርሳል። ሰርቨሩን ብቻ መጫን አይበቃም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። የምትለኩት ፖስትግሬስ የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮንፊገር ላይ ማይኤስኪውኤልን አጥፍታችሁ ፖስትግሬስን አብሩ።

አሁን የንባብና የጽሑፍ ፈተናውን በ8 ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄዱ 8 የሥራ መስመሮች) እያሄድኩ ነው።