ጡረታ የወጣ ሐኪም ብዕር ሲያነሳ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በ60 ዓመቴ ጡረታ ስወጣ ጋዋኔን ሰቅዬ ደብተር ገዛሁ። ዕድሜ ልኬን በጅማና በዙሪያዋ የሰው ታሪክ ስሰማ ስለኖርኩ መጻፉ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ተሳሳትኩ። አሁን የሙያ ጓደኞቼ አንድ በአንድ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ሳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ታሪክን እንደ ካርድ መጻፍ

የመጀመሪያው ታሪኬ "የ45 ዓመት ወንድ፣ ለሦስት ቀናት የቆየ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት" ብሎ ይጀምር ነበር። ባለቤቴ አነበበችና "ሰውየው ስም የለውም?" አለችኝ። ካርድ የሚጻፈው ቀጣዩ ሐኪም ቶሎ እንዲወስን ነው። አንባቢ ግን የሚወስነው ነገር የለውም፤ ከበሽተኛው ጋር ወረፋው ላይ መቀመጥ ነው የሚፈልገው። በዚያ ላይ የተማርነውም ካርድ የሞላነውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አማርኛችን "ታካሚው ታይቶ፣ ተመርምሮ፣ ወባ ሆኖ ተገኝቷል" እያለ ይንፏቀቃል። ማን አየው? ማን መረመረው? እኔ ዛሬ ጮክ ብዬ አነብና ለእናቴ ብነግራት የማልለውን ዐረፍተ ነገር እሰርዛለሁ።

በሽተኛውን በተሰባበረ አማርኛ ማናገር

ይህ ከሁሉም ይበልጥ ያሳፍረኛል። ካየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ከከፋና ከዳውሮ የሚመጡትም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። እኔ ግን ረቂቄ ላይ ገበሬውን ሁሉ ኮልታፋ አደረግሁት። ያ ሰው በገዛ ቋንቋው ከእኔ የተሻለ አንደበተ ርቱዕ ነበር። የተናገረውን ወደ ሙሉ አማርኛ መመለስ የጸሐፊው ዕዳ ነው።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት "ገራ" የሚለውን የኦሮምኛ ቃል እየደጋገመች እንደተቃጠለ ነገረችኝ። የሚያስተረጉምልኝ ልጅ "ሆዷን ያቃጥላታል" አለኝ፤ የጨጓራ መድኃኒት አዘዝኩላት። በሦስተኛው ቀጠሮዋ ነው መጀመሪያ የመጣችው ልጇን በቀበረች በሳምንቱ እንደነበር ያወቅሁት። ገራ ሆድ ነው። ግን ልክ እንደ አማርኛው ሆድ፣ ሐዘንም የሚገባው እዚያው ነው። "ሆዴ ተቃጠለ" በሚል አማርኛ አድጌ ሳለ አልሰማኋትም። ካርዷ ላይ የሰፈረው የጨጓራ ሕመም ነው።

ስም ቀይሬያለሁ ብሎ መተኛት

ጅማ ብትሰፋም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አንድ ታሪክ ስሙን ለውጬ ለዕድር ጓደኛዬ ሰጠሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ "ይህ ያ በርጩማ ጠራቢው አይደለም እንዴ?" አለኝ። ስሙን ቀየርኩ እንጂ ሙያውን፣ የሚያነክስበትን እግር፣ ሱቁ ያለበትን መንገድ እንዳለ ትቼዋለሁ። ሦስት እግር ያለውን የጅማ በርጩማ የሚጠርብና የሚያነክስ ሰው ስንት አለ? ወረቀቱን እዚያው ቀደድኩት። ዛሬ ሙያ፣ ዕድሜና ዘመን እለውጣለሁ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችን አዋህጄ አንድ አደርጋለሁ። ያም ሆኖ ቤተሰቡ የሚያውቀው ከመሰለኝ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ባለታሪኩ ሞቷል ማለትም መልስ አይሆንም፤ ልጆቹ ገበያ ላይ ያገኙኛል።

በትዝታ ብቻ መጻፍ

ያስተማርኩበት የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1975 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ መለያው ተማሪን ወደ መንደር የሚያስወጣው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። በ1992 ዓ.ም. ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህ አልቀረም። ሌሎችን ቤት ለቤት ስንልክ ኖረን፣ እኛ ስንጽፍ ወንበራችን ላይ እንጣበቃለን። እኔ በአንድ ታሪኬ ውስጥ አዌቱ ወንዝ ዳር አንድ ዋርካ ተክዬ ነበር። ሄጄ ሳይ ዋርካ የለም።

ምዕራፍን በምክር መዝጋት

በግልገል ጊቤ ዙሪያ ስላለ ወባ በጻፍኩት አጭር ልብ ወለድ አጎበር ተጠቀሙ እያልኩ ሦስት ጊዜ መክሬያለሁ። አጎበሩን ዓሣ ሊያጠምድበት የወሰደውን ሰው ብቻ ብተወው ይበቃ ነበር።

የጡረታ ገንዘብን ማተሚያ ቤት መዝራት

በአንድ ጊዜ ብዙ ቅጂ አታሳትሙ፤ አልጋ ሥር የተከመረ መጽሐፍ ምስጥ ነው የሚያነበው። ከአሳታሚ ጋር የምታደርጉት ስምምነትም በቃል አይሁን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው የመጠቀም መብቱ፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የልጅ ልጆቻችሁን ድርሻ ቡና እየጠጣችሁ አትስጡ።

ረቂቅን ለሚፈሩን ሰዎች ማስነበብ

የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሉ "ዶክተር፣ ድንቅ ነው" አሉኝ። እኔም አመንኩ። በኋላ ለረጅም ዓመታት አብራኝ ለሠራች፣ ዛሬ እንደ እኔው ጡረታ ለወጣች አዋላጅ ነርስ ሰጠኋት። በሻማ ብርሃን መንታ ስላዋለድኩበት ሌሊት የጻፍኩትን፣ የምኮራበትን ታሪክ፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ አስምራ መለሰችልኝ።

"ዶክተር፣ ያን ሌሊት እርስዎ የደረሱት ልጆቹ ታጥበው ከተጠቀለሉ በኋላ ነው" አለችኝ። "ቡና ያፈላሁልዎም እኔ ነኝ።"

በአዲሱ ረቂቅ እኔ የምገባው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ቡና ስጠጣ።